የኦይስተር እጭ ማረፊያዋን እንዴት ትመርጣለች?
የአንድ ጥያቄ ታሪክ

ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው መቶ ዓመት የኖረው የግሪክ ፈላስፋ አርስቶትል ስለ እንስሳት አወላለድ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ አንዲት አጭር ታሪክ ትገኛለች። መርከቦች በሮድስ ደሴት አጠገብ መልሕቅ ጥለው ሳለ የሸክላ ዕቃዎች ወደ ባሕር ተጣሉ። ጊዜ አልፎ ጭቃ ከተሰበሰበባቸው በኋላ በሸክላዎቹ ውስጥ ኦይስተሮች ተገኙ። አርስቶትል ይህን ሲያብራራ ኦይስተር ከወላጅ ሳይሆን ከጭቃ በራሱ የሚፈጠር ነው አለ።

ማብራሪያው ስሕተት ነበር፤ የታየው ነገር ግን እውነት ነበር። ቁም ነገሩ ያለው በጭቃው ሳይሆን በሸክላው ላይ ነው። በዓይን ለማየት የሚያስቸግሩ የኦይስተር እጮች በውሃው ውስጥ ሲንሳፈፉ ቆይተው ከጠንካራው ሸክላ ላይ ዐርፈው ነበር። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ እጯ እዚያ ያረፈችው በአጋጣሚ ነው ወይስ መርጣ? መርጣ ከሆነስ የሚበጃትን ቦታ በምን ታውቀዋለች? ይህ ጽሑፍ የዚህን ጥያቄ ታሪክ ባጭሩ ለመግለጽ የተዘጋጀ ነው። ከክርስቶስ ልደት በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ የተጻፉት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ኦይስተር ምን ዓይነት እንስሳ ናት?

ኦይስተር ለስላሳ አካሏ በሁለት ጠንካራ ቅርፊቶች መካከል የተሸፈነ የባሕር እንስሳ ናት። ቅርፊቶቹ በአንድ በኩል እንደ በር ማጠፊያ የተያያዙ ናቸው። ያደገች ኦይስተር ከቦታዋ አትንቀሳቀስም። ግራ ቅርፊቷ ከድንጋይ ወይም ከሌላ ኦይስተር ቅርፊት ጋር እንደ ሲሚንቶ ተጣብቆ ይኖራል። ምግቧንም የምታገኘው በአካሏ ውስጥ የሚያልፈውን ውሃ በማጥለል ነው።

የሕፃንነት ዘመኗ ግን ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው። እጯ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ያህል በጥቃቅን ፀጉር መሰል አካላት እየቀዘፈች ትዋኛለች። የአንድ ሚሊሜትር ሦስት ዐሥረኛ ያህል ስትሆን ጥቁር ነጥብ የመሰለ ዓይንና አንዲት እግር ታወጣለች። ያን ጊዜ ወደ ታች ወርዳ በእግሯ እየተሳበች ወለሉን ትመረምራለች። ካልተስማማት እንደገና ተነሥታ ትዋኛለች። ከተስማማት ግን እግሯ ውስጥ ካለ ዕጢ ሙጫ አፍስሳ ቅርፊቷን ታጣብቃለች። ከዚያም መዋኛዋን፣ እግሯንና ዓይኗን ታጣለች። ከዚህ በኋላ ሐሳብ መለወጥ አይቻልም።

ምርጫው በሕይወቷ ሁሉ አንድ ጊዜ ብቻ የሚደረግ ነው። ለስላሳ ጭቃ ላይ ብታርፍ ተቀብራ ትሞታለች። ከሌሎች ርቃ ብቻዋን ብታርፍም ሳትራባ ትቀራለች፤ ምክንያቱም የአሜሪካ ኦይስተር ወንዱም ሴቷም ዘራቸውን የሚለቁት በውሃው ውስጥ በመሆኑ ጎረቤት ያስፈልጋቸዋል።

ገበሬው ከሊቁ ቀደመ

ኦይስተርን የሚያረቡ ሰዎች ጥያቄውን ሳይጠይቁት መልሱን በተግባር ይጠቀሙበት ነበር። ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ እንደሚለው ከክርስቶስ ልደት በፊት በአንደኛው መቶ ዓመት ሰርጊዩስ ኦራታ የተባለ ሰው በኔፕልስ አካባቢ የኦይስተር ኩሬ አቋቋመ። በዚያው አካባቢ በፉዛሮ ሐይቅ ሰዎች በውሃው ውስጥ ችካል እየተከሉና የጭራሮ እስር እያንጠለጠሉ እጮች እንዲያርፉባቸው ያደርጉ ነበር።

ፈረንሳዊው ቪክቶር ኮስት ይህን ዘዴ በዐይኑ አይቶ በ1855 ስለ ጉዞው መጽሐፍ አሳተመ። የፈረንሳይ የባሕር ዳርቻ ኦይስተር በብዛት በመጠመዱ እያለቀ ስለነበር፣ በንጉሠ ነገሥት ናፖሊዮን ሣልሳዊ ድጋፍ በ1858 በሴን ብሪዮ ባሕረ ሰላጤ የጭራሮ እስሮችን አሰጠመ። ያ ሙከራ ለጊዜው ቢሳካም አልዘለቀም። በአርካሾን ግን አርቢዎች የቤት ክዳን ሸክላ በኖራ እየለቀለቁ ወደ ባሕር ማግባት ጀመሩ። እጮቹ በኖራው ላይ ያርፋሉ፤ ኖራው ሲፋቅ ትንንሾቹ ኦይስተሮች ሳይሰበሩ ይለቃሉ።

ወደ እኛ ቀረብ ስንል በቀይ ባሕር ተመሳሳይ ሥራ ተሞክሯል። በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ሲረል ክሮስላንድ የተባለ እንግሊዛዊ የባሕር ሕይወት ተመራማሪ በሱዳን ጠረፍ በዶንጎናብ ባሕረ ሰላጤ የሉል ኦይስተርን ለማርባት ለብዙ ዓመታት ደከመ። የሉል ኦይስተር የዋናዋ ኦይስተር የሩቅ ዘመድ ስትሆን የምትጣበቀውም በሙጫ ሳይሆን በክር መሰል ጭረቶች ነው። የእርሷም እጭ ግን የምትያዘው በውሃው ውስጥ ማረፊያ ሲዘጋጅላት ነው። ሥራው በሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ እንደገና ቢጀመርም በ1969 ኦይስተሮቹ በጅምላ በመሞታቸው ተጎዳ።

በእነዚህ ሁሉ ቦታዎች የሠሩት ሰዎች እጯ ንጹሕና ጠንካራ ነገር እንደምትወድ ያውቃሉ። ለምን እንደምትወድ ግን አያውቁም። ለማወቅም እጯን በቤተ ሙከራ አሳድጎ ማየት ያስፈልግ ነበር። አሜሪካዊው ዊሊያም ብሩክስ በ1879 በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ የኦይስተርን እንቁላል በዕቃ ውስጥ ከወንዴ ዘር ጋር አገናኝቶ እድገቱን ተመለከተ። ይሁን እንጂ እጮቹን እስከ ማረፊያቸው ቀን ድረስ ማድረስ አልቻለም። ይህ ዘዴ አስተማማኝ ሆኖ የተደላደለው ከዚያ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ላይ ነው።

የመዳብ መላ ምት

የመጀመሪያውን የኬሚካል መልስ በሰፊው ያቀረበው ኸርበርት ፕሪተርች ነው። ይህ አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1934 ባሳተመው ጥናት እጯ እንድታርፍና እንድትለወጥ የሚያደርጋት በውሃ ውስጥ የሚገኝ እጅግ ጥቂት መዳብ ነው አለ። ምክንያቱ ደካማ አልነበረም። ኦይስተሮች በብዛት የሚገኙት ወንዝ ከባሕር በሚገናኝበት ሥፍራ ነው፤ የወንዝ ውሃ ደግሞ ከየብስ መዳብ ይዞ ይወርዳል። በቤተ ሙከራም መዳብ ሲጨመር እጮቹ ሲያርፉ አይቷል።

ከእርሱ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ግን እጮች መዳብ ሳይጨመርላቸውም እንደሚያርፉ አዩ። መላ ምቱም አጠቃላይ ማብራሪያ ሊሆን አልቻለም። ሁለት ነገሮች በአንድ ቦታ መገኘታቸው አንዱ ለሌላው ምክንያት መሆኑን አያረጋግጥም። ቢሆንም የፕሪተርች ሥራ ከንቱ አልነበረም። ጉዳዩ የወለሉ ጥንካሬ ብቻ ሳይሆን በውሃው ውስጥ የሟሟ ነገርም ሊሆን እንደሚችል ያሰበና በሙከራ የጠየቀ ነውና።

ዘመድ ከዘመዱ

በዌልስ፣ በኮንዊ ከተማ ይሠሩ የነበሩት ኮል እና ናይት ጆንስ ከ1939 ጀምሮ ባወጧቸው ጥናቶች ሌላ ነገር አመለከቱ። የአውሮፓ ኦይስተር እጮች ሌሎች ትንንሽ ኦይስተሮች ቀድመው ባረፉበት ገጽ ላይ በይበልጥ ያርፋሉ። በእኛ አገር «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ» እንደሚባለው እጯም ወገኖቿን ትፈልጋለች ማለት ነው። ነገሩን ስናስበው ተገቢ ነው። ሌላ ኦይስተር በሕይወት ያለበት ቦታ ለኦይስተር የሚሆን ምግብ፣ ወራጅ ውሃና ጠንካራ ወለል ያለበት መሆኑ በተግባር ተፈትኗል።

ይሁንና «ወገኖቿን ትፈልጋለች» ማለት ገለጻ እንጂ ማብራሪያ አይደለም። ወገኖቿ መሆናቸውን በምን ለየች? ለዚህ ጥያቄ መንገድ የከፈተው ባርናክል በተባሉ፣ እንደ ኦይስተር ከድንጋይ ጋር ተጣብቀው በሚኖሩ ሌሎች የባሕር እንስሳት ላይ የተደረገ ጥናት ነው። በዌልስ በሜናይ ብሪጅ ይሠራ የነበረው ዴኒስ ክሪስፕ ከሜዶውስ ጋር ሆኖ በ1962 የባርናክል እጮች አብሮ መስፈር ኬሚካላዊ መሠረት እንዳለው አሳየ። ከዚያም በ1967 ይህንኑ አሳብ ወደ አሜሪካ ኦይስተር አመጣው።

የክሪስፕ ሙከራ ለተማሪ ለማስረዳት የሚመች ነው። በኦይስተር ቅርፊት ላይ ከእንስሳዋ የተገኘ ስስ የሆነ ሥጋዊ ቅሪት አለ። ይህ ቅሪት በኬሚካል ተጠርጎ ሲጠፋ ቅርፊቱ የማረፊያነት ውበቱ ይቀንሳል። የኦይስተር አካል ጭማቂ ሲቀባ ግን እጮች እንደገና ይመርጡታል። የቅርፊቱ ቅርጽና ጥንካሬ አልተለወጠም፤ የተለወጠው በላዩ ያለው ኬሚካል ብቻ ነው።

ኸርበርት ሂዱ በ1969 እንዲሁ የአሜሪካ ኦይስተር እጮች ትንንሽ ኦይስተሮች ባሉበት በብዛት እንደሚያርፉ አሳየ። ምልክቱ በንክኪ ብቻ የሚታወቅ ሳይሆን በውሃው በኩልም ሊተላለፍ ይችላል የሚለው አሳብም ከዚህ ጊዜ ጀምሮ እየጠነከረ ሄደ።

ባክቴሪያ እና የነርቭ መልእክት

በ1980ዎቹ ምርምሩ በአሜሪካ በሜሪላንድ ክፍለ ሀገር ሌላ አቅጣጫ ያዘ። ሮናልድ ዋይነርና ባልደረቦቹ በ1985 ከኦይስተር ጋር አብሮ የሚገኝ አንድ የባሕር ባክቴሪያ ገለጹ። ይህ ባክቴሪያ ጠቆር ያለ ቀለም የሚያመነጭ ሲሆን በአንድ ገጽ ላይ ስስ ሽፋን ሲሠራ የኦይስተር እጮችን ይስባል። በኋላ የተሰጠው የዝርያ ስምም የባሕር ባክቴሪያዎችን ታጠና ለነበረችው ለሪታ ኮልዌል ክብር ነው። የባሕር ድንጋይ ሁሉ እንዲህ ባለ የባክቴሪያ ሽፋን የተለበጠ በመሆኑ እጯ የምትዳስሰው ባዶ ድንጋይ ሳይሆን ሕያው ገጽ ነው።

በዚያው ዓመት ኩን፣ ቦናርና ዋይነር በፓስፊክ ኦይስተር ላይ ያደረጉት ሙከራ እጅግ አስተማሪ ነበር። ኤል-ዶፓ የተባለው ውህድ ሲሰጣቸው እጮቹ መፈለግና መሳብ ጀመሩ፤ ከዚያም ተጣብቀው ተለወጡ። አድሬናሊንና የቅርብ ዘመዱ የሆነው ሌላው ሆርሞን ሲሰጣቸው ግን ምንም ቦታ ሳይፈልጉና ሳይጣበቁ የአካል ለውጡን ብቻ ፈጸሙ። አድሬናሊን ሰው ሲደነግጥ በደሙ ውስጥ የሚበዛው ሆርሞን መሆኑን አንባቢ ያስታውሳል።

ከዚህ ሁለት ነገሮች ተለዩ። አንደኛው ፍለጋ ነው፤ እጯ ሐሳቧን ልትለውጥ የምትችልበት ደረጃ። ሁለተኛው የአካል ለውጥ ነው፤ መመለስ የሌለበት ደረጃ። ሁለቱ በተለያዩ የነርቭ መንገዶች ይታዘዛሉ። ቀድሞ ተመራማሪዎች «ዐረፈች» ሲሉ ሁለቱን ደረጃዎች ለይተው አልተመለከቱም ነበር፤ ስለዚህ ያገኟቸው ውጤቶች አንዳንድ ጊዜ የሚቃረኑ መስለው ቢታዩ አያስደንቅም። ግኝቱ ለአርቢዎችም ጠቀመ። በአድሬናሊን የተለወጡ ኦይስተሮች ከምንም ነገር ጋር ስላልተጣበቁ አንድ አንድ ሆነው ያድጋሉ።

በ1990 ደግሞ እነዚሁ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር በውሃ የሟሟ አሞኒያ የፍለጋውን ጠባይ እንደሚያስነሣ አሳዩ። አሞኒያ ባክቴሪያና እንስሳት ምግባቸውን ሲያብላሉ የሚያስወግዱት ተራ ነገር ነው። ለእጯ ግን በአጠገቧ ሕይወት መኖሩን የሚነግር ሊሆን ይችላል።

ትንሿ ፔፕታይድ

የቀረው ጥያቄ የኦይስተሯ የራሷ ምልክት ምንድን ነው የሚለው ነበር። ሪቻርድ ዚመር ፋውስትና ማሪዮ ታምቡሪ በ1994 ባሳተሙት ጥናት ያደጉ ኦይስተሮች ከቆዩበት ውሃ ውስጥ እጮችን የሚያነሣሡ ትንንሽ ፔፕታይዶችን ለዩ። ፔፕታይድ ማለት ጥቂት አሚኖ አሲዶች እንደ ዶቃ ተሰክተው የሚሠሩት አጭር ሰንሰለት ነው፤ ሰንሰለቱ ሲረዝም ፕሮቲን ይባላል። በእነዚህ ፔፕታይዶች ጫፍ ላይ አርጂኒን የተባለው አሚኖ አሲድ ይገኛል። ተመራማሪዎቹ ሁለት ግላይሲንና አንድ አርጂኒን ብቻ ያሉበትን ሰው ሠራሽ ፔፕታይድ ሲጠቀሙ እጮቹ በጣም ጥቂት ለሆነ መጠን መልስ ሰጡ።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። በቤተ ሙከራ ውስጥ ውሃው የረጋ ነው፤ በባሕር ግን ውሃው ይወርዳል፣ ይገለባበጣል። የአንድ ሚሊሜትር ሢሶ የማታህል እጭ በወራጅ ውሃ ውስጥ ሽታን ተከትላ ልትሄድ ትችላለችን? ለዚህ መልስ ለመስጠት ውሃ እየተቆጣጠሩ የሚያፈስሱበት ቦይ ተሠርቶ በ1994ና በ1996 የሙከራ ውጤቶች ታተሙ። እጯ ምልክቱ በነካት ጊዜ ወራጁን ተቃውማ አትዋኝም። ፈጥና ወደ ታች ትወርዳለች፤ ይህም ወለሉ ላይ እንድትደርስ ያበቃታል። አቅሟ ትንሽ ቢሆንም ለዚያ ይበቃል።

ይህ ሁሉ ማለት ግን አንድ ኬሚካል ብቻውን ሁሉን ይወስናል ማለት አይደለም። የገጹ ዓይነት፣ የባክቴሪያው ሽፋን፣ የውሃው ፍጥነትና የጎረቤቶቿ ምልክት በአንድነት ይሠራሉ። በሰሜን ካሮላይና ተካሂዶ በ2013 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው የኦይስተር መንደር ካለበት ሥፍራ የሚነሣው የባሕር ውስጥ ድምፅ እንኳ እጮችን ለማረፍ ያነሣሣቸዋል።

ቅርፊቱ ከባሕር ሲወጣ

የዚህ ጥናት ጥቅም በቤተ ሙከራ ብቻ የሚቀር አለመሆኑን የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ታሪክ ያስረዳል። በ1880ዎቹ አጋማሽ ከሜሪላንድ ውሃ ብቻ በአንድ የጥመድ ወቅት 15 ሚሊዮን ቡሼል ያህል ኦይስተር ይወጣ ነበር። ቡሼል 35 ሊትር ያህል የሚይዝ መስፈሪያ ነው። ሥጋው ሲበላ ቅርፊቱ ለኖራ ማቃጠያ፣ ለመንገድ ማልበሻና ለእርሻ ማዳበሪያ ዋለ እንጂ ወደ ባሕሩ አልተመለሰም።

ከላይ የተጠቀሰው ብሩክስ በዚያው ዘመን የኦይስተር መንደሮች እያለቁ መሆናቸውንና ቅርፊት ወደ ውሃው መመለስ እንደሚገባ አስጠነቀቀ፤ በ1891 ያሳተመው መጽሐፍም ይህንኑ የሚያስረዳ ነው። የሰሙት ጥቂቶች ነበሩ። በሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ሁለት የኦይስተር በሽታዎች ተጨመሩ። በዛሬው ጊዜ በባሕረ ሰላጤው ያለው ኦይስተር ከቀድሞው ብዛት ከመቶ አንድ እጅ ያህል ብቻ እንደሆነ በብዙዎች ይገመታል።

አሁን ነገሩን በዚህ ጽሑፍ ካየነው አንጻር እንመልከተው። ከባሕር የወጣው ምግብ ብቻ አልነበረም። ከእርሱ ጋር ለሚመጣው ትውልድ «እዚህ እረፊ» የሚለው ምልክትና የሚያርፍበት ጠንካራ ገጽም አብሮ ወጣ። ጥቂት የቀሩት ኦይስተሮች በሚሊዮን የሚቆጠሩ እጮች ቢወልዱም እጮቹ ሲመጡ የሚያገኙት ጭቃ ነው።

ስለሆነም መንደሮቹን መልሶ ለማቋቋም የሚደረገው ሥራ በዚሁ ዕውቀት ላይ የተመሠረተ ነው። እጮች በማራቢያ ቤት ያድጋሉ። ዓይን ባወጡ ጊዜ የታጠበ የኦይስተር ቅርፊት በተሞላ ገንዳ ውስጥ ይለቀቃሉ፤ በቅርፊቱም ላይ ያርፋሉ። ከዚያ ከነቅርፊቱ ወደ ባሕር ይወሰዳሉ። ቅርፊት በመወደዱ ከምግብ ቤቶች እየተሰበሰበ ይመለሳል። በሜሪላንድ ሃሪስ ክሪክ በተባለ የባሕር ገባር የተደረገው ሰፊ የመንደር ተከላ በ2015 ተፈጸመ።

ለክፍል ትምህርት

ባሕር በሌለበት አገር የሚያስተምር መምህር ይህ ታሪክ ምን ያደርግልኛል ይል ይሆናል። ጥቅሙ በአስተሳሰቡ ላይ ነው። መምህሩ የአርስቶትልን ሸክላ ለተማሪዎች ነግሮ፣ መልሱን ሳይናገር፣ «ኦይስተሮቹ ከየት መጡ? ይህንንስ በምን ሙከራ ታረጋግጣላችሁ?» ብሎ ቢጠይቅ የክፍሉ ውይይት ራሱ ወደ ሙከራ አዘገጃጀት ይመራል። ቀጥሎ የክሪስፕን ሙከራ አንሥቶ «ጭማቂ ካልተቀባው ቅርፊት ጋር ባያነጻጽር ኖሮ ምን ሊባል ይችል ነበር?» ብሎ ይጠይቅ። በመጨረሻም የመዳቡን መላ ምት አቅርቦ የፕሪተርች አሳብ የቱ ላይ እንደተሳሳተ፣ የቱ ላይ ደግሞ ለሌሎች መንገድ እንዳሳየ ተማሪዎቹ ራሳቸው ይለዩ።

ከአርስቶትል እስከ ታምቡሪ ከሁለት ሺህ ሦስት መቶ ዓመት በላይ አልፏል። በዚህ ጊዜ ውስጥ አርቢው በችካልና በኖራ ሸክላ፣ ተመራማሪውም በቤተ ሙከራ ዕቃው አንዲትን ትንሽ እጭ ሲጠይቁ ኖረዋል። ከመልሶቹ ሁሉ ለተማሪ የሚቀረው ይህ ነው፤ የኦይስተር ባዶ ቅርፊት ቆሻሻ አይደለም። የሞተችው ኦይስተር ገና ላልመጣችው የተወችው ማረፊያ ነው፤ ከባሕር የሚያወጣውም ሰው መልሶ የማኖር ዕዳ አለበት።